የሰባ ሁለት ሰዓት ስንቅ

ጫጩት ከቅርፊቷ ስትወጣ ባዶ ሆዷን አትመጣም። ከመፈልፈሏ ጥቂት ቀደም ብላ የተረፈውን አስኳል ወደ ሆዷ ትስበዋለች፤ ያ ስንቋ ነው። ከዚያ በኋላ ውሃ የሚያቀርብላት፣ ጥሬ የሚበትንላት ባይኖር እንኳ ሰባ ሁለት ሰዓት ትቆያለች። ከዚያ ወዲያ ግን ምሕረት የለም። ይህን በወሬ የሰማ ብዙ ነው። ስንቃቸው ያለቀ ጫጩቶች ድምፃቸው እንዴት እየሳሳ እንደሚሄድ በጆሮው የሰማ ግን ጥቂት ነው፤ የሰማም አይረሳውም።

ባለ ሰዓቷ አንድ ጊዜ ሰምታለች፣ አንድ ጊዜም በቅቷታል። ይህን ስም ያወጣላት የባሏ ታላቅ ወንድም ነው፤ ለፌዝ። እሷ በምትሠራበት የማስፈልፈያ ክፍል ግድግዳ ላይ አራት ሰዓት ተሰቅሏል፣ ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ አንድ። ይህ አልበቃ ብሏት ደግሞ የሯጮች አሠልጣኝ የሚይዛት ዓይነት፣ ሲጫኗት መቁጠር የምትጀምር ትንሽ ሰዓት በክር አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ያቺ ሰዓት ጠዋትና ማታ አታውቅም፤ ከጀመረች መቁጠር ብቻ ነው ሥራዋ። ባለ ሰዓቷም የምታምነው እሷን ነበር።

ቤቱም ማሽኖቹም የባሏ አባት የአባባ ናቸው። አባባ አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ዘር ዶሮ ሲያራቡ ኖረዋል፤ ገብስማ ላባ፣ አጭር ኩክኔ፣ ሙቀት የማይረታት፣ በሽታ ሲገባ ጎረቤት ሁሉ ሲያልቅ ቆማ የምትገኝ ዶሮ። ዶሮዋ ስም የላትም፤ ቤተ ሰቡ «የኛዋ ገብስማ» ይላታል፣ አበቃ። አሁን አባባ ዓይናቸው ደክሟል። ይባስ ብሎ ግቢው ለመንገድ ማስፋፊያ ተፈልጎ እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቁ ተብለዋል። ምትክ የተሰጣቸው ፎቅ ላይ ያለ ሦስት ክፍል ነው። ፎቅ ላይ ሰው እንጂ ዶሮ አይወጣም። ያረጁትን ዶሮዎች ዘመድና ጎረቤት ተከፋፈላቸው፤ የወሰዳቸውም ሊያራባቸው ሳይሆን ሊበላቸው መሆኑን ለአባባ የነገራቸው የለም፣ እሳቸው ግን ያውቁታል።

አንድ ተስፋ ቀርቶ ነበር። በሌላው የእስያ ዳርቻ፣ ከዚህ አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ባለ ከተማ፣ ስለ ዶሮዋ የሰማ አንድ አርቢ «ዘሯን እኔ አኖራታለሁ» አለ። መጀመሪያ ዕንቁላል ላኩለት። ዕንቁላሉ በመንገድ ሲናጥ ከርሞ ከመቶው አሥሩ እንኳ ነፍስ አልዘራም፤ የተፈለፈሉትም አልሰነበቱም። «ጫጩት ላኩልኝ» አለ። የቀራቸው ደግሞ የመጨረሻዎቹ ስድስት መቶ ዕንቁላሎች ነበሩ። ከእነሱ በኋላ የምትጥል ዶሮ የለችም። እነዚህ ጫጩቶች እዚያ በሕይወት ከደረሱ ዘሩ ኖረ፤ ካልደረሱ የአባባ አርባ ዓመት እዚያው ካርቶን ውስጥ አለቀ።

የወረቀቱን ሥራ የያዘው ታላቅ ወንድምየው ነበር። ባለ ሰዓቷ «ጋሼ» ትለዋለች፤ የቀረው ሰው «መናኸሪያው» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት አውቶብስ ተራ ቆሞ መኪና ሲያስነሣ የኖረ ሰው ነው። ድምፁ ግድግዳ ይበሳል። በእሱ ዓለም ጥሩ መንገደኛ ማለት ከነሻንጣው ቀድሞ መጥቶ ቁጢጥ ብሎ የሚጠብቅ ነው፤ ጫጩትም ሆነ ሰው ለሱ ልዩነት የለውም።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ የበረራውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና በመዳፉ ዳበሰው።

«ስሙኝ» አለ። «አውሮፕላኑ በሳምንት አንዴ ነው፣ ሐሙስ ሐሙስ። ከዚህ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል፣ እዚያ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ይገባል። አራት ሰዓት ከሩብ! እኔ በዚህ ሰዓት አውቶብስ ከከተማ አላስወጣም ነበር። የከብት ሐኪሙ ለወረቀታችን የሚመጣው ረቡዕ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጫጩቶቹ ማክሰኞ ንጋት ይፈልፈሉ። እስከ ሐሙስ ቀትር ሃምሳ አራት ሰዓት፣ በረራው አራት ከሩብ፣ እዚያ ፍተሻው ሦስት፣ ከዚያ አርቢው ጋ በመኪና ስምንት። ስልሳ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ! ወደ ሦስት ሰዓት ይተርፈናል። ማክሰኞ ንጋት እንዲወጡ ነገ ንጋት ዕንቁላሉ ማሽን ይግባ፤ ሦስት ሳምንት ልክ።»

ባለ ሰዓቷ እጇን ጠርጋ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። የመሄጃውን አየች፤ ከዚያ ማንም ያላየውን የመመለሻውን አየች።

«ጋሼ፣ ይኸው አውሮፕላን ሲመለስስ?»

«መመለሱ ምን ያደርግልሻል? ጫጩቶቹ አይመለሱ!»

«ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥቶ ሲነጋጋ አሥራ አንድ ከሩብ ላይ እዚህ ይገባል ይላል። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ ማለት ነው። ሲሄድ አራት፣ ሲመለስ አሥራ አንድ? አንድ መንገድ እኮ ነው። ሲመለስ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?»

ባሏ ሳቀ። ጋሼ ግን አልሳቀም። «አየር መንገዱ የተሳሳተ ወረቀት ያትማል እንዴ? የተጻፈው የተጻፈ ነው።»

«የተጻፈውማ ልክ ነው። መነሻው በኛ ሰዓት ነው የተጻፈው፣ መድረሻው በነሱ ሰዓት። የሁለቱን ድምር ለሁለት ብትከፍለው ስምንት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው።»

«እሺ፣ አሁን ደግሞ ፀሐይንም ለሁለት ክፈያት» አለ ጋሼ።

ነገር ከማብዛት ብላ ስልኩን አነሣችና አርቢውን ደወለችለት፤ እሱም እሷም በሚሰባብሩት ቋንቋ ጥቂት ተግባቡ። ድምፁን ሁሉም እንዲሰማ አደረገችው። «ጌታዬ፣ እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ስትለው፣ ሰውየው አፉ ውስጥ የጎረሰውን እየዋጠ «ጠዋት ሁለት ሰዓት፤ ቁርስ ላይ ነኝ፣ ምነው?» አለ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ምሳ ቀርቦ የግድግዳው ሰዓት ስድስትን እየመታ ነበር። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። እየበረሩ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ሰዓቱ በየአገሩ ወደ ኋላ ይጎተታል፤ በወረቀት ላይ የጠፉት አራት ሰዓታት እዚያ ነበሩ። ዕቃ ጫኝ ቢሮ ያለችዋን ልጅ ሲጠይቋትም «ስምንት ሰዓት ከሩብ ነው እንጂ! ሲሄድ ነፋሱ ከፊት ነው የሚመጣበት፣ ሲመለስ ከኋላ ይገፋዋል» ብላ ዘጋችባቸው።

«እንግዲህ አራት ሰዓት ጨምርበት» አለች ባለ ሰዓቷ። «ሰባ ሦስት ሰዓት ከሩብ። አርቢው ካርቶኑን ሲከፍት ቀባሪ ነው የሚሆነው።»

ጋሼ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ፊቱ በርበሬ መስሏል። ባሏ ሁለቱንም ለማስታረቅ ያህል፣ «መሐል እናድርገዋ። ማክሰኞ ማታ ይፈልፈሉ» አለ።

«አይሆንም። ረቡዕ ንጋት» አለች።

«ረቡዕ!» ጋሼ ተነሥቶ ቆመ። «ሐኪሙ ረቡዕ ሦስት ሰዓት ነው በር ላይ የሚቆመው! ጥቂት ቢዘገዩ መጥቶ ዕንቁላል ሊያይ ነው? ሳያይ አይፈርምም፤ ካልፈረመ አይጫኑም። የሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ እዚህ የሚኖረው ዶዘር ነው።»

«ጋሼ፣ በዚህ በኩል ያለውን ሰዓት አውቀዋለሁ፤ ማሽኑም ሐኪሙም መንገዱም እጄ ላይ ነው። በዚያ በኩል ያለውን ግን እኔም አንተም አናውቀውም። የማውቀውን ላጥብብና የማላውቀውን ላስፋው ነው የምልህ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?»

«እኔ ነኝ የቸኮልኩት ወይስ አንተ?»

ባሏ ሳህኑ ውስጥ አንገቱን ቀበረ። ያን ጊዜ አባባ በዚያ በፈዘዘ ዓይናቸው ድምፅዋ ወዳለበት ዞሩ። «ልጄ፣ ከተሳሳትሽስ?» አሉ።

ባለ ሰዓቷ ለአሥራ አንድ ዓመት በዚህ ቤት የሥራ እንጂ የምክር ድርሻ አልነበራትም፤ አሁን የተጠየቀችው ደግሞ አርባ ዓመት የሚያክል ነገር ነው። «ከተሳሳትኩ አባባ፣ ዘሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በማንም አላላክክም።»

«በቃ» አሉ አባባ። «ዕንቁላሉ ረቡዕ ንጋት ይግባ። ማሽኑን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ረቡዕ ንጋት ገባ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ሳምንት ነው። በየጊዜው እየገለበጠች፣ ውሃ እየሞላች፣ በሰባተኛው ቀን አንድ በአንድ በመብራት እያየች ያልያዙትን አወጣች፤ ሌሎቹ ውስጥ እንደ ክር የቀጠኑ ደም ስሮች ይታያሉ። አባባ በየማለዳው እየመጡ በሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። እሷ ሲጨንቃት «ቀኑ አልሄድ አለኝ አባባ» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሏታል። ይህን ተረት ለዶሮ አርቢ መተረት ትንሽ ፌዝ ነው፤ ቢሆንም በየቀኑ ያጽናናት ነበር።

ረቡዕ ደረሰ። ሲነጋ ማሽኑን በመስታወቱ አየችው። ዕንቁላሉ ዝም ብሎ ተደርድሯል። እዚህም እዚያም ጥቂት ቅርፊት ተሰንጥቋል፣ ጥቂት ምንቃር ይታያል፣ በቃ። ወፍ የለም። ሁለት ሰዓት ሆነ፤ አሥራ ስምንት ጫጩት። የረሳችው ነገር ትዝ ያላት ያኔ ነው፤ ዶሮዎቹ አርጅተው ስለነበር ስድስት መቶውን ዕንቁላል ለማጠራቀም ከሳምንት በላይ ፈጅቷል፤ ተቀምጦ የሰነበተ ዕንቁላል ደግሞ በሰነበተበት ልክ ሰዓታት ይዘገያል። ይህን ከማንም በላይ የምታውቅ እሷ ነበረች። የአውሮፕላኑን ሰዓት ስታሳድድ የገዛ ዕንቁላሏን ሰዓት ረሳች።

ሦስት ሰዓት ላይ ሐኪሙ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ገባ። ስልሳ ሦስት ጫጩት ነበር የወጣው፣ ግማሹ ገና እርጥብ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ደንብ አጥባቂ ሰው ነው። «እኔ የምፈርመው ያየሁትን ነው» አለ። «የቀረውን የዛሬ ሳምንት አየዋለሁ።»

ባለ ሰዓቷ ወደ ጋሼ ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም። «አላልኩም?» የሚለውን ቃል እየጠበቀች ነበር፤ ደግሞም ይገባታል። ጋሼ አፉን ከፈተ። ግን የወጣው ሌላ ነው።

«ዶክተር፣ ዛሬ የት የት ነው የምትሄደው?»

ሐኪሙ ማስታወሻውን አየ። ወተት ላሞች አሉ፣ የበጎች በረት አለ፣ ከዚያ የታመመ ፈረስ፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቢሮ ይዘጋል። ጋሼ ወረቀቱን ተቀብሎት ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አሰበ። የሠላሳ ዓመቱ አውቶብስ ተራ ያን ጊዜ ተመለሰለት።

«ፈረሱ መጀመሪያ፤ መንገዱ ሳይዘጋ። ከዚያ በጎቹ፤ ከዚያ ላሞቹ፤ ላሞቹ እዚሁ ከኋላችን ናቸው። ወንድሜ በፒክ አፑ ይወስድሃል፣ አንተ መንዳት የለብህም፣ ምሳህን እየሄድክ ትበላለህ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እዚህ በር ላይ ወርደህ ትፈርማለህ፤ በሩብ ሰዓት ቢሮህ ትገባለህ። ሠላሳ ዓመት መኪና አስነሥቻለሁ፤ ያልኩት ሰዓት አንድም ቀን አልተዛነፈም!» ድምፁ ሐኪሙን እየገፋ ፒክ አፑ ውስጥ አስቀመጠው። ሰውየው እምቢ ለማለት እንኳ ክፍተት አላገኘም።

በሩ ሲዘጋ ጋሼ ወደ እሷ ዞረ። «የመኪናውን ለኔ ተይው» አለ ዝቅ ብሎ። «አንቺ ዕንቁላሎችሽን አስወጪ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የማሽኑና የጫጩቶቹ ብቻ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ስንጥቁ በዛ። አምስት ሰዓት ላይ ክፍሉ በጩኸት ተሞላ፤ አባባ በርጩማቸው ላይ ሆነው በጣታቸው ጉልበታቸውን ይመታሉ። ቀትር ላይ ግማሹ ሲወጣ ባለ ሰዓቷ አንገቷ ላይ ያለችውን ሰዓት ተጫነቻት። መቁጠር ጀመረች። ከአሥራ አንድ ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ፒክ አፑ ግቢ ገባ፤ ሐኪሙ ላም ላም እየሸተተ ወረደ። አምስት መቶ አሥራ ሁለት ጫጩት፣ ደረቅ፣ ገብስማ፣ እግራቸው ላይ የቆሙ። ሐኪሙ አንዷን በመዳፉ ይዞ ሆዷን ዳሰሰና ሳቅ አለ። ከዚያ ፈረመ።

ሐሙስ አምስት ካርቶን አዘጋጁ። በእያንዳንዱ ውስጥ አራት ክፍል፣ በየክፍሉ ሃያ አምስት ጫጩት፣ ሥሩ ሰጋቱራ፣ ዙሪያው የአየር ቀዳዳ። ካርቶን ያልበቃቸውን አሥራ ሁለቱን አባባ ግቢውን እስኪለቁ ድረስ ይዘው ቀሩ። ጋሼ ዕቃ ጫኝ ቢሮው ድረስ ሄዶ፣ ካርቶኖቹ መጨረሻ እንዲገቡና መጀመሪያ እንዲወጡ፣ አየርም እንዳያጥራቸው ለሹሙም ለጫኙም ለጠባቂውም ነገራቸው። ልክ በስድስት ሰዓት ተነሡ። አንገቷ ላይ ያለችው ሰዓት ሃያ አራት አለች። ሠላሳ ሁለት ከሩብ ላይ «ገብተዋል» የሚል መልእክት መጣ። ከዚያ ሌላ መልእክት ተከተለ፤ ወንዝ ሞልቶ ድልድዩ ተዘግቷል፣ የአርቢው መኪና ጫጩቶቹን ጭኖ በመንገድ ቆሟል፣ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም።

ያ ቀን አርብ ነበር፤ አስጨናቂ አርብ። ማንም ምሳ አልበላም። ባለ ሰዓቷ የያዘቻት ሰዓት አርባ አምስት ስትል፣ ሃምሳ ስትል፣ ሃምሳ ሦስት ስትል ታያት ነበር። ጋሼ የመስኮቱን ዳር ይዞ ቆሟል፤ መናኸሪያው ዝም ሲል ቤቱ ሁሉ ያስፈራ ነበር። ማታ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ ጮኸ። ያነሣው ባሏ ነው።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ድልድይ ላይ ቆመን!» ይላል አርቢው እያለከለከ። «አሁን ገባን፤ ቆጠርኩ። አራት መቶ ዘጠና አራት! ስድስት ብቻ ነው የሞቱት! ውሃውን ተሻምተው እየጠጡ ነው!»

ሃምሳ አምስት ሰዓት ከሩብ።

የሆነውን ነገር መተረክ ያስቸግራል። ባሏ ወንበር ላይ ወጣ፤ ለምን እንደወጣ እሱም አያውቅ። ጋሼ ያጠፈውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ በእርሳስ ሲደምር ቆየና ጮክ ብሎ አነበበው፤ «እኔ ባልኩት ሰዓት ቢፈለፈሉ ሰማንያ አምስት ሰዓት። ወንድሜ ባለው መሐል ቢፈለፈሉ ሰባ ሦስት። ሁለታችንም ገድለናቸው ነበር!» አለና እንደ ልጅ እየሳቀ ወረቀቱን ቀደደው። የባለ ሰዓቷ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ እንዲህ ያለ ደስታ በዕድሜዋ አታውቅም ነበር፣ ሠርጓንም ጨምሮ።

አባባ እጃቸውን ዘረጉ። «አሰሙኝ።» አርቢው ስልኩን ካርቶኑ ውስጥ አስገባው። አዛውንቱ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ረዥም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ ጉንጫቸው ረጠበ። «ጠጥተዋል» አሉ። «የጠገበች ጫጩት ድምፅ ነው። የኔ ናቸው።»

አርቢው ግን ገና አልጨረሰም። ዘሩን ነገ በመዝገብ ያስገባዋል፤ ስሙ ማን ይባል? ጋሼ «እኛ ገብስማ ነው የምንላት» አለው። «ገብስማማ ቀለም ነው» አለ ሰውየው፤ «ብዙ ገብስማ አለ። የራሷን ስም ነው የምፈልገው፣ መቶ ዓመት የምትጠራበትን።»

ሁሉም ወደ አባባ አዩ። አባባ አልዘገዩም። «ባለ ሰዓቷ በለው» አሉ።

«አባባ ይተዉ እንጂ!» አለች ባለ ሰዓቷ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና።

ጋሼ ስልኩን ተቀበለ። በዚያ ስም አሥራ አንድ ዓመት ለፌዝ ሲጠራት ኖሯል። አሁን ግን ደረቱን ነፋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አውቶብስ ተራ ዳር እስከ ዳር ይሰማበት በነበረው በዚያ ድምፅ፣ መስኮቱ እስኪርገበገብ ድረስ ፊደል በፊደል ጠራው።

«ያዝ፣ ጻፍ! ባ! ለ! ሰ! ዓ! ቷ!»